በልጅ አንገት ላይ ላለ እባጭ፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት አልትራሳውንድና ቀጭን መርፌ

ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ
ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
በሐረርና በድሬዳዋ ላሉ ሆስፒታሎች የሥራ ኃላፊዎች
እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ ወላጆች

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በሕፃናት ሕክምና፣ በራዲዮሎጂና በፓቶሎጂ (የሴል ናሙና ምርመራ) ሙያ ላይ ያለን ሐኪሞች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በታይሮይድ ዕጢው (በአንገት ፊት ለፊት ባለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ላይ እባጭ ከተገኘበት፣ በጽሑፍ የሰፈረ የአንገት አልትራሳውንድ ውጤት እስኪያገኝና የሚያስፈልገው ከሆነም በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ናሙና እስኪወሰድለት ድረስ፣ «እንቅርት ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ አይመለስ፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍልም አይግባ። ይህን ለማድረግ ብርቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሁለቱ ከተሞች የሚስማሙበት ቋሚ አሠራር ነው።

በደጋው ሐረርጌ እንቅርት አዲስ ነገር አይደለም። ዋናው ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ከተወሰነ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም፣ በክፍት ጆንያ ፀሐይና እርጥበት ላይ የሚውል ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የልጅ አንገት አበጠ በተባለ ቁጥር የእናትም የጤና ባለሙያም ሐሳብ ወደ እንቅርት ያመራል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን ዕጢው በሙሉ ማበጡና በዕጢው ውስጥ ለብቻው የበቀለ እባጭ መኖሩ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይህን በጣት ዳሰሳ ብቻ መለየት አይቻልም፤ በተለይ አንገታቸው አጭርና ወፈር ያለ ትንንሽ ልጆች ላይ።

ልዩነቱ ለምን ያሳስባል? እባጩ በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ይልቅ በጣም ጥቂት ነው። ሲገኝ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በአዋቂዎች ከመቶ እባጭ ካንሰር የሚሆነው ከ5 እስከ 15 ያህሉ ሲሆን፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሎች በመጡ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ከመቶ ከ22 እስከ 26 ያህሉን ካንሰር ሆኖ አግኝተውታል። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 90 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው ፓፒላሪ የተባለው ዓይነት ነው። ይህ ካንሰር በልጆች ላይ ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ወደ አንገት ሊምፍ ኖዶች (ሲያብጡ ንፍፊት ወደሚባሉት) ደርሷል፤ አንዳንዴም ሳንባ ላይ ይገኛል። ሆኖም ተገቢውን ሕክምና ያገኙ ልጆች ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ከአሥርተ ዓመታት በኋላም በሕይወት አሉ። ሳንባ ላይ የደረሰባቸው ልጆች እንኳ አብዛኞቹ ይኖራሉ። እንግዲህ ይህ ተገኝቶ ሊታከም የሚችል በሽታ ነው፤ ቸል ማለት የማይገባውም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ሳይመረመሩ መቀደድም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና የድምፅ ነርቭን ሊጎዳ፣ ከዕጢው ጀርባ ያሉትን ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች ሊያጠፋ ይችላል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ልጅ ዕድሜ ልኩን በየቀኑ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን መውሰድ አለበት። ምርመራ ሳይቀድም ግማሹ ዕጢ ከወጣ በኋላ ውጤቱ ካንሰር ሆኖ ከመጣ፣ ልጁ በጠባሳው ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ይከፈታል። በሁለተኛው ቀዶ ጥገና ነርቩም ሆነ ካልሲየም ተቆጣጣሪዎቹ ዕጢዎች የመጎዳት ዕድላቸው ይጨምራል። ከቀዶው በፊት ምንነቱ ከታወቀ ግን ምን ያህል እንደሚወጣና የትኞቹ ሊምፍ ኖዶች አብረው እንደሚነሱ አስቀድሞ ይወሰናል።

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ ጥያቄና የደም ምርመራ። ልጁ ከዚህ በፊት ለሌላ ካንሰር አንገቱ ወይም ደረቱ አካባቢ የጨረር ሕክምና አግኝቷል ወይ? ከቤተሰቡ የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት አለ ወይ? እባጩ በፍጥነት አድጓል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ መዋጥ ያስቸግረዋል ወይ? ጨረርን በተመለከተ ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ተጋላጭ መሆናቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል አደጋ በኋላ በቤላሩስና በዩክሬን በግልጽ ታይቷል። ቲ ኤስ ኤች የተባለው፣ ታይሮይድን የሚያዘውን ሆርሞን የሚለካው የደም ምርመራ ለሁሉም ይታዘዝ። ቲ ኤስ ኤች ከመጠን በታች ከሆነ እባጩ ራሱ ሆርሞን እያመረተ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጣዩ እርምጃ የኑክሌር ሕክምና ምስል ነው፤ ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። ቲ ኤስ ኤች ትክክለኛ መሆኑ ግን ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ይህን ደጋግመን የምንጽፈው «ደሙ ደህና ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ልጆችን ከምርመራ ስለሚያስቀር ነው።

አልትራሳውንዱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የውሳኔው ግማሽ እዚያ ነውና።

ለሆድ ወይም ለእርግዝና የሚያገለግለው ጠምዛዛ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው ክፍል) ለዚህ አይሆንም። ቀጥ ያለ ገጽ ያለው፣ ቢቻል ከ10 ሜጋ ኸርዝ በላይ የሆነ ሊኒየር ፕሮብ ያስፈልጋል። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ከትከሻው ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይደረግና አንገቱ ወደ ኋላ ይዘረጋል። በጣም ትንሽ ከሆነ እናቱ ጭን ላይ መተኛት ይችላል። ጄሉ በእጅ ሞቅ ይደረግ፤ በሐረር ብርድ ቀዝቃዛ ጄል አንገቱ ላይ ያረፈበት ልጅ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ አይተኛም። ቀኝ ክፍል፣ ግራ ክፍል፣ መካከለኛው ድልድይ፣ ከዚያም የአንገቱ ሁለቱም ጎን ከመንጋጋ ሥር እስከ አንገት አጥንት ድረስ ይታያል። የጎን አንገት ያልታየበት የታይሮይድ አልትራሳውንድ ለልጅ የተሟላ ምርመራ አይደለም።

እባጩ በሦስት አቅጣጫ በሚሊ ሜትር ይለካ። «2 ሴንቲ ሜትር ገደማ» ተብሎ የሚጻፍ ውጤት ለክትትል አይረባም። ምክንያቱን በቁጥር እናሳይ። ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ተባዝተው በ0.52 ሲባዙ ይዘቱ ይገኛል። 20 በ15 በ10 ሚሊ ሜትር የሆነ እባጭ 1.56 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እያንዳንዱ ልኬት በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር ይዘቱ 2.33 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ማለትም በግማሽ ያህል አድጓል። በይዘት በግማሽ ማደግ ወይም ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ በአንድ አምስተኛ መጨመር እንደ እውነተኛ ዕድገት ይቆጠራል። «ገደማ» የተባለበት ወረቀት ላይ ይህ ዕድገት አይታይም።

ሥጋቱን ከፍ የሚያደርጉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ እባጩ ድፍን ሆኖ ከጤናማው የዕጢ ሥጋ ጠቆር ብሎ መታየቱ፤ ጠርዙ ያልተስተካከለ መሆኑ፤ በውስጡ ጥቃቅን ነጫጭ የካልሲየም ነጠብጣቦች መኖራቸው፤ በአግድም ሲታይ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ መብለጡ፤ የዕጢውን ሽፋን አልፎ መውጣቱ። ከሁሉም የሚከብደው የሊምፍ ኖድ ነገር ነው። በመሐሉ ያለው የስብ መስመር የጠፋበት፣ ክብ የሆነ፣ ውስጡ ውኃ የቋጠረ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ኖድ ከተገኘ፣ በዕጢው ውስጥ ያለው እባጭ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ልጁ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። በተቃራኒው ንጹህ ፈሳሽ ብቻ የያዘ ወይም ሙሉ በሙሉ ስፖንጅ የሚመስል እባጭ ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው።

በልጆች ላይ በተለይ የሚያሳስቱ አራት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቲመስ፣ ማለትም ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው የበሽታ መከላከያ ዕጢ ነው። በልጅነት ቲመስ ትልቅ ነው፤ አንዳንዴ ቁራጩ በታይሮይድ ውስጥ ወይም ከታችኛው ጫፉ አጠገብ ይቀራል። ጠቆር ያለና ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ያሉበት ስለሆነ ፓፒላሪ ካንሰርን በጣም ይመስላል። ፕሮቡን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ ዋናውን ቲመስ ማየትና መልካቸውን ማነጻጸር ነው መፍትሔው። አንድ ዓይነት ከሆኑ ክትትል ይበቃል። ይህን የማያውቅ መርማሪ ጤነኛ ልጅ ለቀዶ ሕክምና ሊያስይዝ ይችላል። ሁለተኛው በደረቀ ኮሎይድ (በታይሮይድ ውስጥ ባለ ወፍራም ፈሳሽ) የሚፈጠረው ብሩህ ነጥብ ነው፤ ከኋላው እየቀጠነ የሚሄድ የብርሃን ጭራ ይኖረዋል፤ የካልሲየም ነጠብጣብ ግን ጭራ የለውም። ሦስተኛው የሃሺሞቶ ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱ ታይሮይድን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ ዕጢው በሙሉ ስለሚጎረብጥ እባጭ ያለበት ይመስላል። አራተኛው የዚህ ተቃራኒ ሲሆን ከሁሉም ይከፋል፦ በልጆች ላይ ከሚታዩት የፓፒላሪ ካንሰር ዓይነቶች አንዱ እባጭ ሳይፈጥር በዕጢው ሙሉ ይሰራጫል። ዕጢው በአንድ ወገን ወይም በሙሉ ያብጣል፣ ነጭ ነጠብጣብ በሙሉ ይረጭበታል፣ የጎን ኖዶችም አብረው ያብጣሉ። «እባጭ የለም፣ እንቅርት ነው» ተብሎ የሚያልፈው ይህ ነው።

በአንገት መሐል ላይ ሆኖ ምላስ ሲወጣ አብሮ ወደ ላይ የሚነሳ እባጭ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ታይሮይድ በፅንስነት የወረደበት ቦይ ሳይዘጋ ቀርቶ የሚፈጠር ነው። ከመውጣቱ በፊት ዋናው ታይሮይድ በቦታው መኖሩ በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ። አንዳንድ ልጅ ያለው ታይሮይድ ያው እባጩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለአዋቂዎች የተዘጋጀውን የነጥብ አሰጣጥ፣ ቲ ራድስ የሚባለውን፣ እንዳለ ለልጆች መጠቀም እንዲቆም እንጠይቃለን። ያ አሠራር መጠነኛ ሥጋት ያለውን እባጭ 15 ሚሊ ሜትር፣ ዝቅተኛ ሥጋት ያለውን 25 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ያለ መርፌ ያቆየዋል። የልጅ ዕጢ ግን ትንሽ ነው፤ ለአዋቂ ትንሽ የሆነ መጠን ለአምስት ዓመት ልጅ ትልቅ ነው። አሠራሩ በልጆች ላይ ሲፈተሽ ከካንሰሮቹ አምስት አንዱ ያህል በመጀመሪያው ጉብኝት ያለ ናሙና ይታለፍ እንደነበር ታይቷል። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ለልጆች ለብቻው ባወጣው መመሪያ ውሳኔው በመጠን ሳይሆን በመልኩና በልጁ ታሪክ ላይ እንዲመሠረት፣ የልጅ ናሙናም ሁልጊዜ በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲወሰድ አስቀምጧል። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ወደ መርፌው እንምጣ። በልማድ ኤፍ ኤን ኤ የምንለው ናሙና በጣት እየተዳሰሰ ሲወሰድ መርፌው የት እንደገባ ማንም እርግጠኛ አይሆንም። በአልትራሳውንድ ግን የመርፌው ጫፍ በድፍኑ ክፍል ውስጥ፣ በተለይ ነጭ ነጠብጣብ ባለበት ቦታ ሲያርፍ ይታያል። የሚያስፈልገው 25 ወይም 27 ጌጅ መርፌ (የጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል) እና የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው። ከ23 ጌጅ የወፈረ መርፌ ሴል አይጨምርም፤ ደም ነው የሚጨምረው። መጀመሪያ ሳይሳብ፣ መርፌው ብቻ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፍጥነት ይንቀሳቀስ። ደም በመርፌው እጀታ ላይ ሲታይ ይቁም፤ ከዚያ በላይ መቆየት ስላይዱን (ናሙናው የሚዘረጋበትን መስታወት) በደም ይሸፍነዋል። እንዲህ ከ2 እስከ 4 ጊዜ በተለያየ ቦታ ይወሰዳል። ፈሳሽ ያለው እባጭ ከሆነ ፈሳሹ ይወጣና የቀረው ድፍን ግድግዳ እንደገና ይወጋ። ፈሳሹን ብቻ ልኮ መቀመጥ ባዶ ውጤት ከሚያስገኙ ነገሮች ቀዳሚው ነው።

ማደንዘዣው ላይ ሒሳብ መሥራት ግድ ነው። የሊዶካይን ጣሪያ በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 67 ሚሊ ግራም ያህል ማለት ነው። ባለ 2 በመቶው ሊዶካይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ስለያዘ፣ ጣሪያው 3.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ለቆዳና እስከ ዕጢው ሽፋን ድረስ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ወደ እባጩ ውስጥ አይገባ፤ ሴሎቹን ያበላሻል። ከሰባትና ስምንት ዓመት በላይ የሆኑ ብዙ ልጆች አስቀድሞ በቋንቋቸው ከተነገራቸውና እናት ወይም አባት አጠገባቸው ካሉ በዚህ ብቻ ይችሉታል። ከዚያ በታች ላሉት ማስተኛ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ልጁ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ኦክሲጅን፣ የኦክሲጅን መለኪያና አየር መንገድ መቆጣጠር የሚችል የሰመመን ባለሙያ በክፍሉ ውስጥ ይኑር። እነዚህ ካልተሟሉ ቀኑ ይራዘም እንጂ ልጁ አይተኛ።

ከናሙናው በኋላ ቦታው ለ10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ፤ ልጁም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በዓይን ይጠበቅ። ደም መቋጠር ጥቂት ጊዜ ይከሰታል፤ አንገት በፍጥነት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ከከበደ ወዲያው መታየት አለበት። ስለዚህ ሩቅ ገጠር የሚኖር ቤተሰብ በዚያው ሌሊት ከተማ እንዲያድር እንመክራለን።

አሁን ብዙ ልፋት ወደሚባክንበት ቦታ ደርሰናል፤ ስላይዱ። በመርፌ ጥሩ ሆኖ የወጣ ናሙና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ጠብታው በስላይዱ አንድ ጫፍ አጠገብ ይደረግና በሌላ ስላይድ ሳይጫኑ በአንድ እንቅስቃሴ ይዘርጋ። ግማሾቹ ስላይዶች በአየር ደርቀው ለጊምዛ ወይም ለራይት ቀለም፣ ግማሾቹ ደግሞ ወዲያውኑ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ገብተው ለፓፓኒኮላው ቀለም ይሁኑ። የመጀመሪያው ኮሎይዱን ያሳያል፤ ሁለተኛው የሴሉን አስኳል። የፓፒላሪ ካንሰር ምልክት ያለው አስኳሉ ላይ ነው፦ መሐሉ ላይ የተሰመረ ጎድጎድ፣ የገረጣ ቀለም፣ በውስጡ የሚታይ ክብ ጉድጓድ። ለዚህ ነው ሁለተኛው ስላይድ ለሰከንዶች እንኳ ከደረቀ ጥቅሙን የሚያጣው። በድሬዳዋ ሙቀት ቀጭን ስላይድ ሳያስቡት ይደርቃል። ስለዚህ አልኮሉ ያለበት ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ናሙናው ከሚወሰድበት አልጋ አጠገብ ይቀመጥ፤ ከሥራ በኋላ ይከደን፤ በሙቀት ስለሚተን በየቀኑ ይታደስ።

ሦስት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ግን ቸል ሲባሉ ሙሉ ምርመራውን ያከሽፋሉ። የአልትራሳውንድ ጄል ከመርፌው ጋር ስላይድ ላይ ከገባ ሴሉን የሚሸፍን ሐምራዊ ቅንጣት ይሆናል፤ መርፌ በሚገባበት ቦታ ጄሉ ተጠርጎ በምትኩ አልኮል ይቀባ። ፎርማሊን ከስላይዱ አጠገብ አይከፈት፤ እንፋሎቱ ብቻ በአየር የሚደርቀውን ስላይድ ያበላሸዋል፤ ሁለቱ በአንድ ሳጥን ተደርገው መላክም የለባቸውም። ስምና ቁጥር በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል፤ ስም የጠፋበት ስላይድ ደግሞ ለማንም አይጠቅም።

ፓቶሎጂስቱ በአልጋው አጠገብ ሆኖ አንዱን ስላይድ በፍጥነት ቀለም ነክሮ ቢያይ፣ ናሙናው በቂ መሆኑ ልጁ ከአልጋ ሳይወርድ ይታወቃል። በቂ የሚባለው እያንዳንዳቸው 10 ሴል ያላቸው ቢያንስ 6 የታይሮይድ ሴል ስብስቦች ሲታዩ ነው። ለልጅ ይህ ከአዋቂ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ባዶ ውጤት ማለት ዳግመኛ ማስተኛት፣ ዳግመኛ መጓዝ ነውና። ጥያቄው ወረቀት ላይም ዕድሜ፣ የእባጩ ቦታና ልኬት፣ የአልትራሳውንድ መልኩ፣ ቲ ኤስ ኤች፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ይጻፉ። «አንገት፣ ኤፍ ኤን ኤ» ተብሎ ብቻ የሚላክ ወረቀት ፓቶሎጂስቱን በጨለማ ያሠራዋል።

ውጤቱ ቤተስዳ በተባለው ዓለም አቀፍ የታይሮይድ ናሙና ውጤት አጻጻፍ ሥርዓት በስድስት ደረጃ ይጻፍ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የወጣው ሦስተኛው እትም የልጆችን የካንሰር ዕድል ለብቻው አስቀምጧል፦ በቂ ያልሆነ ናሙና ከመቶ 14፣ ጤናማ 6፣ ምንነቱ ያልለየ 28፣ ፎሊኩላር (በናሙናው ብቻ ጤናማ ይሁን ካንሰር የማይለይ ዕድገት) 50፣ አጠራጣሪ 81፣ ካንሰር 98። እዚህ ላይ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ከአዋቂው ይለያሉ። አዋቂ ላይ ሦስተኛው ደረጃ ሲመጣ መርፌውን መድገም የተለመደ ነው። በልጅ ግን ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ የ2015ቱ መመሪያ እባጩ ያለበትን ግማሽ ዕጢ ማውጣትን ያስቀድማል። በቂ ያልሆነ ናሙና ሲመጣ ደግሞ ውጤቱ «ካንሰር አልተገኘም» ተብሎ አይነበብ፤ ምርመራው አልተደረገም ማለት ነው። ቁስሉ እስኪሽር 3 ወር ያህል ተጠብቆ ይደገማል። ጤናማ የተባለ እባጭ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ካደገ ወይም መልኩ ከተለወጠ መርፌው ይደገማል። ከ4 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ድፍን እባጭ ግን ውጤቱ ጤናማ ቢባልም ከቀዶ ሐኪም ጋር መመካከር ይገባል፤ በትልቅ እባጭ መርፌው ሊስት ይችላልና።

ስለ ነቀርሳ ለብቻው ማንሳት ግድ ነው። በአገራችን የልጅ ጎን አንገት ላይ ንፍፊት ሲበዛ ቀድሞ የሚታሰበው የሊምፍ ኖድ ነቀርሳ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ተገቢ የማይሆነው ናሙና ሳይወሰድ የስድስት ወር መድኃኒት መጀመሩ ነው። ወደ ሊምፍ ኖድ የደረሰ የታይሮይድ ካንሰር ያለ ሕመምና ያለ ትኩሳት ያብጣል፤ መድኃኒቱም አይነካውም፤ ልጁ ስድስት ወር ያጣል። ስለዚህ ለንፍፊት አልትራሳውንድ የተላከ ልጅ ሁሉ በዚያው ቀን ታይሮይዱም ይታይ። ከኖዱ የወጣው መግል ወይም አይብ መሳይ ነገር ከሆነ ጂን ኤክስፐርት ለተባለው የነቀርሳ ምርመራ ይላክ። ቡናማ ፈሳሽ ከወጣ ግን ታይሮይድ ይጠርጠር። በዚህ ጊዜ መርፌው በ1 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) ታጥቦ ታይሮግሎቡሊን የተባለው የታይሮይድ ፕሮቲን ቢለካ ሴል ባይገኝ እንኳ መልስ ይሰጣል። ምርመራው እዚህ ከሌለ ፈሳሹ ቀዝቅዞ ይላክ፤ ልጁ መሄድ የለበትም።

ለወላጆች በቀጥታ የምንለው አለ። «መርፌ ካንሰሩን ይበትነዋል» የሚለው ሥጋት በብዙዎች ዘንድ አለ። በዚህ ቀጭን መርፌ የታይሮይድ ካንሰር መሰራጨት እጅግ ከስንት አንዴ የሚገጥም ነው፤ ምርመራውን በመፍራት የሚጠፋው ጊዜ ግን በየቀኑ ይጎዳል። በልጃችሁ አንገት ላይ ያለ እባጭ በእሳት አይተኮስ፣ አይበጣ። የተተኮሰ ቆዳ ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፤ ጠባሳውም በኋላ ለመርፌውም ለቀዶውም መንገዱን ያበላሻል፤ ከሥሩ ያለውን እባጭ ግን አይነካውም። የአልትራሳውንድ ወረቀቱንና ምስሉን ሁሉ ጠብቃችሁ ያዙ፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ከቃል ይልቅ እሱ ይናገራል። ስምምነት ስትፈርሙም በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ ወይም በአማርኛ፣ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲነገራችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምንፈልገው ይህ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ በደንገጎ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ራዲዮሎጂስት፣ ፓቶሎጂስትና የሕፃናት ሐኪም በአንድ ክፍል የሚገናኙበት አንድ ቀን በሳምንት፣ አንዱን ሳምንት ሐረር ሌላውን ድሬዳዋ፣ በሁለቱ ቢሮዎች ስምምነት ይመደብ። ልጁ ጠዋት ገብቶ አልትራሳውንዱ፣ መርፌውና የስላይዱ መጀመሪያ ዕይታ በዚያው ቀን ያልቅ። ለሁለቱም ከተሞች የሚያገለግል አንድ የአልትራሳውንድ ሪፖርት ቅጽ ይጽደቅ፤ ሦስቱ ልኬቶችና የጎን አንገት ካልተሞሉ ሪፖርቱ እንዳልተሟላ ይቆጠር። ለክፍሉ የሚያስፈልጉት ቋሚ ዕቃዎች ትንሽ ናቸው፦ ሊኒየር ፕሮብ፣ 25 እና 27 ጌጅ መርፌ፣ ጫፋቸው የሚጻፍባቸው ስላይዶች፣ ክዳን ያለው የስላይድ መንከሪያ ዕቃ፣ 95 በመቶ አልኮል፣ ሁለቱ ቀለሞች። ከእነዚህ መካከል አልኮሉና ቀለሙ ሲያልቁ ሥራው እንዳይቆም ግዢያቸው በዓመት ዕቅድ ይያዝ።

አዲስ አበባ መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለኑክሌር ምስል፣ ለሬዲዮ አዮዲን ሕክምና፣ ለልጅ ታይሮይድ ቀዶም። በዓመት 30 እና ከዚያ በላይ የታይሮይድና የአንገት ዕጢ ቀዶዎችን በሚሠራ ሐኪም እጅ ጉዳቱ ስለሚቀንስ፣ ካንሰር የተረጋገጠበት ልጅ ወደዚያ ይላክ። ነገር ግን 500 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ምርመራው ያለቀለት ልጅ ይሁን፤ ወረቀቱን፣ የተቀለሙ ስላይዶቹንና የቀጠሮ ቀኑን ይዞ። ያልለየላቸው ስላይዶች ግን ራሳቸው ይላኩ፤ ለሁለተኛ አስተያየት ልጁ መንገላታት አያስፈልገውም። የጉዞና የማደሪያ ወጪ ለማይችሉ ቤተሰቦች የጤና መድኅን ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚደርስ ቢሮዎቹ በጽሑፍ ያሳውቁን። ብዙ ቤተሰብ ሪፈር ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወደ ቀዬው የሚመለሰው ይህን የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው።

የሪፖርት ቅጹን ረቂቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። በጤና ጣቢያ ላሉ ባለሙያዎች አንገት ዳሰሳ፣ ለአልትራሳውንድ ባለሙያዎች የልጅ ታይሮይድና ቲመስ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የስላይድ አያያዝ ሥልጠና ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነን። የመጀመሪያው የጋራ ቀን የሚጀመርበትን ሳምንት እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሐረርና በድሬዳዋ የሕፃናት፣ የራዲዮሎጂና የፓቶሎጂ ሐኪሞች